ሜትር ትንፋሹን ሲይዝ

አጎቴ ሁለት የሞት ቀን አለው። የሆስፒታሉ ወረቀት ማክሰኞ ይላል፤ የመቃብሩ ድንጋይ ሐሙስ ይላል። ወረቀቱን የጻፈችው ሐኪም አልተሳሳተችም፣ ድንጋዩን ያስቀረጸችው አያቴም አልዋሸችም። በሁለቱ ቀናት መካከል የሆነውን ነገር ከነሽታው አውቀዋለሁ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሁሉንም አይቼ አንዱም በቅጡ አልገባኝም።

ሰዎች ልጅነታቸውን ሲያወሩ "ነፍስ ሳላውቅ" ይላሉ። እኔ ነፍስ ያወቅሁበትን ክፍል፣ አልጋና ሰዓት ጠርቼ ልነግራችሁ እችላለሁ። እንዲያውም ያን ቀን ነፍስን በሁለት እጄ ይዣት ነበር ብዬ ብዙ ዓመት አምኛለሁ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ግንበኛ ነበር። ሰው ሁሉ "ሜትር" ይለዋል፤ ግማሹ ለቁመቱ፣ ግማሹ ከወገቡ ለማይለየው መለኪያ። እኔ ደግሞ "ሳንቲሜትር" ነበርኩ። ቤታችን ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ይገባና ገና ሳይቀመጥ "የታለች ሳንቲሜትሬ?" ይላል። ከበሩ መቃን ጋር አስጠግቶ ይለካኛል፣ በእርሳስ ይጭራል፣ ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ "ግማሽ ሳንቲም ጨምረሻል። ከማን ሰርቀሽ ነው?" ይለኛል። እናቴ "በሬን ጨረስከው እኮ!" ብላ ትጮኻለች። እሱ ግን እሷን ሰምቶ አያውቅም።

ዋናው ጨዋታችን ትንፋሽ መያዝ ነበር። ፊት ለፊት እንቀመጥና አፍንጫችንን እንጨብጣለን፣ እሱ በጣቶቹ ይቆጥራል። እኛ ዘንድ ሰከንድ የሚባል ነገር የለም፤ የምንቆጥረው በሜትር ነው። በሆዳችን አንድ ሜትር፣ ሁለት ሜትር፣ ሦስት ሜትር እያልን እንሄዳለን። እሱ መሃል ላይ ጉንጩን ይነፋል፣ ዓይኑን ያፈጣል፣ ጆሮውን ያንቀሳቅሳል። ጆሮ ማንቀሳቀስ የሚችል ሰው ከሱ በቀር አላውቅም ነበር። እኔ በሳቅ እፈነዳለሁ፤ ተሸነፍኩ ማለት ነው። የኔ ሪከርድ ሠላሳ አንድ ሜትር ነበር። እሱ አንድ ቀን ዘጠና አምስት ደርሷል።

"ለምንድነው ሁልጊዜ የምታሸንፈኝ?" አልኩት።

"ረጅም ሰው ረጅም ትንፋሽ አለው፣ ምን ላድርግ? እደጊና አሸንፊኝ።"

አባቴ የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኝ ነው። ሥራ ቦታ "ብሎን" ይሉታል፤ ኪሱ ከብሎን ስለማይጸዳ በሄደበት ይንሿሿል። የሚሠራባት ክፍል ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሄደው እዚያ ነው። በአንድ በኩል የሳሙና እንፋሎት ይገባል፣ በሌላ በኩል የተበየደ ሽቦ ይሸታል፣ እኔ የተበላሸ የክብደት ሚዛን ላይ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ሚዛኑ ሁልጊዜ ዘጠና ኪሎ ነሽ ስለሚለኝ በጣም እኮራ ነበር።

እናቴ "ባሌ ሁለት ልጆች አሉት፤ አንዷን እኔ ወለድኳት፣ ሌላዋን መርከብ አመጣለት" ትል ነበር። ሁለተኛዋ ልጅ የመተንፈሻ ማሽን ናት። በሆስፒታሉ ውስጥ ከሷ ሌላ አልነበረም። ሆዷ መስታወት ነው፣ መስታወቱ ውስጥ ጥቁር እጥፍጥፍ ያለ ላስቲክ አለ፣ እሱ ላስቲክ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አባቴ እሷን የሚያጸዳው ብቻውን ነው፤ ሰው ሲነካበት ይበሳጫል።

"ምን ታደርጋለች?" ብዬ ጠይቄው ነበር።

"መተንፈስ ላቃተው ሰው ትተነፍስለታለች።"

እሱ ይህን ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ግን ነገሩን ይዤ ቀረሁ። መተንፈስ ከነፍስ እንደሚመጣ ለማወቅ መምህር አያስፈልግም፣ ቃሉ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ነፍስ የሚባለው ነገር እዚያ መስታወት ውስጥ እንደሚገባ ወሰንኩ። ሰው ሁሉ ስለ ነፍስ ሲያወራ እኔ መልኳን አውቃታለሁ ብዬ በሆዴ እስቅ ነበር፤ ጥቁር ናት፣ እጥፍጥፍ ያለች ናት፣ ብሎኗ የሚጠብቀውም በአባቴ እጅ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ሜትር ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ። የእንጨት መወጣጫው ነው የከዳው አሉ። እናቴ ጫማዋን ሳታደርግ ወጣች፤ እኔን ጎረቤት አስቀመጡኝ። እሑድ ሲወስዱኝ በሩ ላይ የተጻፈውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። "ጽኑ ሕሙማን ክፍል" ይላል።

ደስ አለኝ። መምህራችን በየጠዋቱ "ጽኑ ሁኑ፣ ጠንክሩ" ትለን ስለነበር ጽኑ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከሕመምተኛ ሁሉ ብርቱ ብርቱዎቹን መርጠው የሚያስገቡበት ክፍል መሆኑ ነው። ሜትር እዚያ ካልገባ ማን ሊገባ ነው? ዛሬ በዚያው ስም በሚጠራ ክፍል ስገባና ስወጣ እውላለሁ፤ ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ። ጽሑፉን ሳየው ያ ኩራት አሁንም ለአንድ አፍታ ብልጭ ይልብኛል።

ውስጡ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነበር፤ ያልታጠበ ነገር ምንም የለም። ሜትር ራሱ በነጭ ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ እግሩ ከአልጋው ተርፎ ወንበር ላይ አርፏል። አፉ ውስጥ ቱቦ ገብቷል። ቱቦውን በዓይኔ ተከትዬ ስሄድ ከአባቴ ልጅ ጋር ተገናኘሁ። ጥቁሩ ላስቲክ ይነሳል፣ የሜትር ደረት ይነሳል። ላስቲኩ ይወርዳል፣ ደረቱ ይወርዳል። ከራስጌው ትንሽ ቴሌቪዥን አለች፤ አረንጓዴ ኮረብታዎች በየተራ ያልፉባታል፣ አንድ ኮረብታ ባለፈ ቁጥር "ጢ" ትላለች። እጁን ነካሁት። ሙቅ ነበር፣ እንደ ድሮው የሻከረ ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ነፍሱ ውጭ መስታወት ውስጥ ተቀምጣ፣ እሱ እዚህ ተኝቶ፣ መሃል ላይ አንድ ቱቦ ብቻ!

"ሳወራው ይሰማኛል?" አልኳት ሲስተሯን።

ሲስተሯ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፤ ከአባቴ ጋር ሲሰዳደቡ ሃያ ዓመት ኖረዋል። ያን ቀን ግን ጎርናናው ድምፅዋ የት እንደገባ እንጃ። "አጫውቺው" አለችኝ ብቻ።

ማክሰኞ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ብዙ ሰው ገባ። እኔን አስወጡኝ፣ በሩ ላይ ባለችው መስታወት በኩል ግን በእግሬ ጣት ቆሜ አያለሁ። ሐኪሟ አጭር፣ ቀጭን፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ነበረች። ዓይኑን ገልጣ በባትሪ አየችው። ጆሮው ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ጨመረች፤ ይኼኔ ይነቃል ብዬ ጠበቅሁ፣ እኔ ብሆን ጣራ እነካ ነበር። ከዚያ ለአባቴ ራሷን ነቀነቀችለት። አባቴ ቱቦውን ከማሽኑ ላይ ነቀለው።

ሁሉም ቆመው ደረቱን ያያሉ። ማንም አይናገርም። ሐኪሟ የእጅ ሰዓቷን ይዛለች።

ያኔ ገባኝ። ትንፋሽ እየያዘ ነው! ይህን ሁሉ ሐኪም ሰብስቦ እየተጫወተ ነው! እኔም ወዲያው አፍንጫዬን ጨበጥኩ፤ ሃያ ስምንት ሜትር ላይ ለቀቅኩ። እሱ ወይ ፍንክች። ቆጠራውን ቀጠልኩ፤ ዘጠና አምስትን አለፈ፣ መቶን አለፈ፣ ሁለት መቶ ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ። እግሬ ዛለ። ደረቱ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ሐኪሟ "ሰዓት?" አለች። ሲስተሯ "አራት ከሃያ" አለቻት። "ጻፊው" አለች ሐኪሟ። አባቴ ቱቦውን መልሶ ሰካው፣ ደረቱ እንደገና ተነሳ።

ሪከርዱን መጻፋቸው ነው። በደስታ ኮሪደሩ ላይ ዘለልኩ። እናቴ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር፣ ሮጬ ሄጄ "አሸነፈ! ሁሉንም አሸነፋቸው!" አልኳት። እናቴ ጭንቅላቴን ይዛ ሆዷ ውስጥ ቀበረችኝ። እኔ ሳቅ መስሎኝ ነበር የሚያንቀጠቅጣት።

ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ ትምህርት ክፍል ውስጥ፣ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ በተራ ጻፈልን፤ የዓይን ብርሃን፣ ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ጆሮ፣ ከዚያ ማሽኑን ነቅሎ ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ ደረትን መመልከት። "ካልተነፈሰ አንጎሉ ሞቷል። ልቡ ቢመታም፣ እጁ ቢሞቅም፣ ሰውየው ሞቷል። የሞት ሰዓት ብላችሁ የምትጽፉት ያንን ሰዓት ነው" አለን። ጓደኞቼ ይጽፋሉ። እኔ ብዕሬ እጄ ላይ ቀረ። ሪከርዱ ነበር ትዝ ያለኝ፣ አራት ከሃያ።

የዚያኑ ማክሰኞ፣ ቀትር ላይ፣ ስልክ መጣ። አያቴ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ነው የምትኖረው። ስልኩ ያለው ካርድ ክፍል ነበር፤ አባቴ እጄን ይዞ ሄደ። አያቴ ስልክ ማለት ርቀቱን በድምፅ መሙላት ነው ብላ ስለምታምን ክፍሉ በሙሉ ይሰማታል።

"መኪና ልሳፈር ነው! ልጄ እንዴት ነው? እጁ ሙቅ ነው?"

 የአባቴ ጣት ኪሱ ውስጥ ያሉትን ብሎኖች ሲያገላብጥ ይሰማኛል።

"ሙቅ ነው፣ እማማ።"

"ተመስገን! የአባቱን እጅ ቀዝቅዞ ነው የያዝኩት። ዕድሜ ልኬን እሱ ቅዝቃዜ ከመዳፌ አልወጣም። የሱን እንዳታቀዘቅዝብኝ፣ አደራ! እስክደርስ አደራ!"

"ይድረሱ ብቻ" አለ አባቴ። "አይቀዘቅዝም።"

ስልኩን ዘጋ። የካርድ ክፍሏ ልጅ ወንበሯን ሰጠችው፤ አልተቀመጠም።

ረቡዕን ክፍሉ ውስጥ ዋልኩ። እናቴ የሜትርን እጅ ቅባት ትቀባለች፣ እኔ የትምህርት ቤት ወሬ እነግረዋለሁ። አንድ ጊዜ ጣቱ ብድግ ብላ ወረደች። እናቴ ጮኸች፤ ሲስተሯ ሮጣ መጣችና ጀርባዋን እያሻሸች "የጅማት ነገር ነው የኔ እህት፣ እሱ አይደለም" አለቻት። "እሱ ካልሆነ ማን ነው ታዲያ?" አለች እናቴ።  ጥያቄው ከባድ መሰለኝ፤ አሁንም ይመስለኛል።

ሐሙስ ጠዋት በተሽከርካሪ አልጋ አንዲት ሴት እየሮጡ አስገቡ። በወሊድ ብዙ ደም ፈሷት ነው አሉ። ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር። ሐኪሟ አባቴን በር ላይ ይዛ በዝቅተኛ ድምፅ ስታናግረው ጆሮዬን አቆምኩ። "ሁለት ቀን ታግሼሃለሁ... ከዚህ በላይ አልችልም... እሷ መዳን ትችላለች።" አባቴ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ወደ ልጁ፣ ወደ መስታወት ሆዷ ልጁ ሄደ።

እናቴ ተነሳች። "አንተ ነህ የምትነቅለው?"

"ሌላ ሰው ሲነቅላት ቆሜ ማየት አልችልም" አላት።

ቱቦዎቹን ለወጠ፣ ጠረጋት፣ ገፍቶ ወደዚያችኛዋ አልጋ ወሰዳት። ጥቁሩ ላስቲክ ለማላውቃት ሴት መነሳትና መውረድ ጀመረ። አባቴን እንደዚያ የጠላሁበት ቀን የለም። የሜትርን ነፍስ አንስቶ ለሰው ሰጠ! አባቴ ግን ቶሎ ተመልሶ ከመሳቢያ ውስጥ የእግር ኳስ ግማሽ የምታህል የጎማ ፊኛ አወጣ። ሜትር አፍ ላይ ካለው ቱቦ ጋር ገጠማት፣ ጨመቃት። ደረቱ ተነሳ።

ሐኪሟ ዞራ አየችው። "ምን እያደረግህ ነው?"

"አማቴ መንገድ ላይ ናቸው።"

"መቼ ነው የሚደርሱት?"

"ከሰዓት በኋላ።"

"እስከዚያ በእጅህ?"

"በእጄ።"

ሰዓቷን አየች። ከጠዋቱ አራት ተኩል ነው። "እኔ ምሳ ወጥቻለሁ" አለች፣ ወደ ሴትዮዋ አልጋ ዞረች። ሐኪሞች ቶሎ የሚርባቸው ለምን ይሆን ብዬ አሰብኩ።

አባቴ ጨመቀ። ሲደክመው እናቴ ትቀበለዋለች፣ እናቴ ስታለቅስ ሲስተሯ ትቀበላታለች። ሲስተሯ እየጨመቀች ለአባቴ "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ" አለችው። እኔ ማታ ዶሮ ልንበላ ነው ብዬ ምራቄን ዋጥኩ። አባቴ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። "ጭመቂ ብቻ" አላት።

ሰባት ሰዓት ላይ ስልክ መጣ፤ የመኪናው ጎማ ፈንድቷል፣ እየቀየሩ ነው። አባቴ መዳፉን ገልብጦ አየው። አውራ ጣቱ ሥር ውኃ ቋጥሯል።

"እኔም ልጨምቅ" አልኩ።

"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" አለች ሲስተሯ።

"ይበቃል" አለ አባቴ። ወንበር ላይ አቆመኝና እጆቼን በእጆቹ ውስጥ አድርጎ ፊኛዋ ላይ አስቀመጣቸው። "አንዴ ጨምቂ፣ ከዚያ አራት ቁጠሪ፣ እንደገና ጨምቂ። አትቸኩዪ፣ አትርሺ።"

ጨመቅሁ። መጀመሪያ ፊኛዋ እምቢ አለች፣ ቀጥሎ እሺ አለች፣ አየሩ ከእጄ ሲወጣ ተሰማኝ፤ ከዚያ ያ ትልቅ ደረት፣ ሲሚንቶ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣው ደረት፣ በኔ እጅ ተነሳ። ፀጉሬ ቆመ። ለቀቅኩ፣ ወረደ። አንድ ሜትር፣ ሁለት ሜትር፣ ሦስት ሜትር፣ አራት ሜትር። ጨመቅሁ፣ ተነሳ። ነፍስ እንዴት ያለ ቀላል ነገር ናት! እንዴት ያለ ከባድ ነገር ናት! በሥራዬ በሺህ የሚቆጠር ሰው እንዲህ አስተንፍሻለሁ። አሁንም የመጀመሪያዋን ስጨምቅ፣ ደረቱ ሲነሳ፣ ያቺ የስምንት ዓመት ልጅ ውስጤ ትደነግጣለች።

ነገሩን ትምህርት ክፍል ውስጥ ባወቅሁበት ዓመት አባቴን ሄጄ ጠይቄዋለሁ። ጡረታ ወጥቶ ነበር፣ የጎረቤት ሬዲዮ ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ አስጥቷል።

"ማክሰኞ መሞቱን ታውቅ ነበር?"

"ሰዓቱ ሲጻፍ እዚያው ቆሜ ነበር እኮ።"

"ታዲያ ሐሙስ ያን ሁሉ ሰዓት ምን ስናደርግ ነበር?"

ጥያቄው ያስገረመው ይመስል ከመነጽሩ በላይ አየኝ። "እጁ እንዳይቀዘቅዝ ነዋ" አለ። "አይቀዘቅዝም ብያቸው ነበር።"

"ልቡ በየትኛውም ደቂቃ ሊቆም ይችል ነበር።"

"እሱን ነው የፈራሁት" አለና አንዲት ብሎን በጥፍሩ ፈልጎ አነሳ። "ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የፈራሁት ቀን የለም።"

ፍርሃቱን ያኔ አላየሁም። ያየሁት ኮረብታዎቹን ከቴሌቪዥኗ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ሲቆጥር ነው። በመሃል መሃል ወደዚያችኛዋ አልጋ ጆሮውን ያዘነብላል፣ የማሽኗን ድምፅ ያዳምጣል። እኔም ሴትዮዋን በክፉ ዓይን አያት ነበር፤ ግን ከንፈሯ ከሰማያዊ ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ቀይ ሲመለስ አየሁና ክፋቴ አልቀጥል አለኝ። በስምንተኛው ቀን ልጇን ታቅፋ በእግሯ ወጥታለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪሟ ብቅ አለች። አባቴ ቀና ብሎ አያት። "ገና ምሳ ላይ ነኝ" አለችና ተመለሰች።

አያቴ የገባችው አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ፊኛዋ እኔ እጅ ላይ ነበረች። አያቴ አቧራ ለብሳለች፣ አንድ ጫማዋ ተበጥሶ በገመድ ታስሯል። ማንንም ሰላም አላለችም። ቀጥ ብላ መጥታ የሜትርን እጅ በሁለት መዳፏ ያዘች። ዓይኗን ጨፈነች።

"ሙቅ ነው" አለች። ከዚያ ጮክ ብላ፣ "ሙቅ ነው! ጠበቅኸኝ ልጄ! ጠበቅኸኝ!"

አባቴ ግድግዳውን ተደገፈ፣ ቀስ እያለ ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ኪሱ ተንሿሿ።

አያቴ እጁን ጉንጯ ላይ አደረገችው፣ አንገቷ ሥር አደረገችው። ትቆጣው ጀመር። "አንተ ራስህ መሰላል ነህ፣ ምን ልሁን ብለህ እንጨት ላይ ትወጣለህ? ስንት ጊዜ ነገርኩህ? ከወለድኩህ ጀምሮ አንገቴን አቅንቼ ሳይህ አንገቴ ተሰበረ እኮ!" እንዲህ እያለች የልጅነት ስሙን ጠራችው፤ እኔ እስከዚያ ቀን ስም እንዳለው አላውቅም ነበር። እኔ እጨምቃለሁ። አራት ሜትር እቆጥራለሁ። እጨምቃለሁ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀና አለች። ደረቱን አየች። ቱቦውን አየች። ቱቦውን ተከትላ እጄ ላይ ደረሰች፤ ከፊኛዋ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ቆየች። ፊኛዋ ስትጨመቅ ደረቱ ይነሳል፣ ስትለቀቅ ይወርዳል። አያቴ አልተማረችም፤ ግን ሞኝ ሆና አታውቅም። ዞር ብላ ወለሉ ላይ የተቀመጠውን አባቴን፣ ያበጠ መዳፉን አየች።

እስክትሞት ድረስ "ልጄ እኔን ጠብቆ ነው የሄደው" እንዳለች ኖረች። ድንጋዩ ላይ ሐሙስ ብላ ያስቀረጸችውም እሷ ናት። ያን ጊዜ፣ እጄን ስታይ፣ ምን እንዳወቀችና ምን ላለማወቅ እንደወሰነች ጠይቄያት አላውቅም።

"ደክሟችኋል" አለች። የአንድ እጇን መዳፍ ከሜትር ሳታነሳ በሌላው ጉንጬን ዳሰሰችኝ። "በቃ የኔ ልጅ። አሳርፊው።"

እጅሽን ያለችኝ መሰለኝ። እጄ በእርግጥ ደክሞ ነበር። አባቴን አየሁት። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ለቀቅኩ። ፊኛዋ በራሷ አየር ሞልታ ክብ ሆና ቀረች። ሲስተሯ እጇን ዘርግታ የቴሌቪዥኗን ድምፅ አጠፋች። ኮረብታዎቹ ያለ ድምፅ መምጣታቸውን ቀጠሉ።

የሜትር ደረት አልተነሳም። ሁሉም ቆመው ያያሉ፣ ማንም አይናገርም። ይህን ነገር አውቀዋለሁ፤ ማክሰኞ አይቼዋለሁ። በጣቶቹ ይቆጥር እንደሆነ ብዬ ፈለግኋቸው፣ አያቴ ይዛቸዋለች። እሺ፣ ጀመርን ማለት ነው፣ አልኩ በሆዴ። አፍንጫዬን ጨበጥኩ።

አንድ ሜትር። ሁለት ሜትር። አሥር ሜትር ላይ አያቴ ግንባሩን ሳመችው። ሃያ ላይ እናቴ መጥታ እግሩን አቀፈች። ሠላሳ አንድን አለፍኩ፤ ሪከርዴን ሰበርኩ፤ ልነግረው ፈልጌ አፌን መክፈት አልቻልኩም። ሠላሳ አምስት። ደረቴ ተቃጠለ። ጉንጩን ይነፋል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልነፋም። ዓይኑን አላፈጠጠም። ጆሮውን አየሁት፣ ያችን ጆሮ፤ አንዴ ብቻ፣ እባክህ አንዴ ብቻ ብዬ አየሁት። አርባ። ዓይኔ በውኃ ተሞላ። አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት።

አርባ አራት ሜትር ላይ አላስቻለኝም። ተነፈስኩ።